ከጅማ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት፦ ለመግቢያ ፈተናው መዘጋጀትና የመጀመሪያው ዓመት

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሙዚቃ ለማጥናት የሚሻ የጅማ ወጣት ሁለት ዓይነት ፈተናዎች እንደሚጠብቁት ከወዲሁ ማወቅ አለበት። አንደኛው እንደ ማንኛውም አመልካች የሚወስደው የትምህርት ፈተና ሲሆን፣ ሁለተኛው የትምህርት ክፍሉ ራሱ የሚሰጠው የተሰጥኦ ፈተና ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለማይሸፍን ክራር ጥሩ የሚመታ ልጅ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቢወድቅ ክራሩ አያድነውም። በአገራችን በዘርፉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ከብሔራዊ ፈተናው ሌላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ አመልካቹ የየዓመቱን ማስታወቂያ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ በቀጥታ መከታተል ይኖርበታል። ካለፈው ዓመት ተማሪ የተሰማ ቀንና መስፈርት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ብዙ ወላጆች ልጃቸው ፒያኖ ወይም ቫዮሊን ስለሌለው ዕድሉ የጠበበ ይመስላቸዋል። በእኔ እምነት ይህ ስጋት ከልክ ያለፈ ነው። በተሰጥኦ ፈተና ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ጆሮ ነው፤ ፈታኙ አንድ ድምፅ ሰጥቶ በዜማ መልስልኝ ሊል፣ ምት አጨብጭቦ ድገመው ሊል፣ ከዚያም አመልካቹ ባዘጋጀው መሣሪያ ወይም በድምፁ እንዲጫወት ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ረገድ ጅማ ያደገ ልጅ ባዶ እጁን አይደለም። መንዙማ እየተቀበለ ያደገ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ወጣት የሰማውን ዜማ ይዞ መመለስን ገና በልጅነቱ ለምዶታል፤ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀውን ነገር በስሙ መጥራትና በኖታ፣ ማለትም ዜማ በሚጻፍበት ምልክት፣ ማንበብ ነው።

ስለዚህ ልምምዱ ከቅኝት፣ ማለትም ዜማው ከሚመሠረትበት የድምፆች ስብስብ፣ ቢጀምር ይመረጣል። ክራር ያለው ሰው አውታሮቹን በትዝታ ሜጀር፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ይቃኝና እያንዳንዱን እየመታ በስሙ ያዚመው። ቀጥሎ ሚ እና ላ የሆኑትን አውታሮች ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጋቸው ቅኝቱ ወደ ትዝታ ማይነር ይለወጣል፤ ሁለት አውታር ተነክቶ ስሜቱ በሙሉ ሲገለበጥ በጆሮው መስማት ከብዙ ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ያስተምረዋል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ወደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ማለፍ ይችላል። በስልክ ላይ የሚጫነው መቃኛ መተግበሪያ ጠቃሚ ቢሆንም መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፦ በመጀመሪያ በጆሮ ይቃኛል፣ በኋላ በስልኩ ይታረማል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚሠለጥነው ስልኩ እንጂ ጆሮው አይሆንም።

መሰንቆ የሚጫወት አመልካች የጅማን አየር ችላ ሊል አይገባም። በክረምት እርጥበቱ ሲበዛ ቆዳው ይረግብና ድምፁ ይታፈናል፤ ከመጫወት በፊት ጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ማቆየት ወይም ከከሰል ራቅ አድርጎ ማሞቅ ይረዳል። የደጋኑ ጭራ ዕጣን ካልተቀባ አውታሩን አይዝም፣ ስለዚህ ዕጣኑ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መጓዝ አለበት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በፈተናው ዕለት ንጋት ተነሥቶ ለመድረስ ከመጣደፍ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ መግባት ይሻላል፤ መሣሪያው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሻንጣ ጋር መጫን የለበትም። አየሩ ሲለወጥ ቆዳውም አውታሩም ስለሚለወጡ ቅኝቱን ደርሶ እንደገና ማየት ግድ ነው።

ለፈተናው የሚመረጠው ዜማ አጭርና አመልካቹ በሚገባ የያዘው ይሁን። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢዘፈን ፈታኙ የሚያዳምጠው ከቅኝት አለመውጣቱንና ምቱን አለመልቀቁን ነው። ለማስደነቅ ሲባል ከአቅም በላይ የሆነ ዘፈን ማቅረብ ጉድለትን ከማጋለጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከተገባ በኋላ ደግሞ ትምህርቱ ዘፈን መጫወት ብቻ አለመሆኑ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ተማሪው ከዋና መሣሪያው ጎን ለጎን የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ የጆሮ ሥልጠናና የሙዚቃ ታሪክ ይማራል፤ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ የንባብ ጫናው ቀላል አይደለም። በጆሮው የሚተማመን ተማሪ ኖታ ማንበብን ለነገ ማሳደር ይቀናዋል፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የሰማውን ሳያነብ መጫወት ይችላል። ይህ አካሄድ ለጥቂት ወራት ያስኬዳል፤ ከሌሎች ጋር በቡድን ለመጫወት ያልሰማው ዜማ የተጻፈበት ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ ግን ይቆማል። በመሆኑም በየቀኑ ከልምምዱ ሰዓት ላይ ትንሽ ቀንሶ ከዚህ በፊት ያላየውን ኖታ፣ ምንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ ዝግ ባለ ፍጥነት ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይኖርበታል፤ ቢሳሳት እንኳ ወደ ኋላ ሳይመለስ ምቱን ጠብቆ ይቀጥል።