ኦሪትን በየሳምንቱ አብሮ ማንበብ እንዴት ይጀመራል?

ለሥራ ሐዋሳ የመጣሁ ሰሞን የማውቀው ሰው አልነበረም። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። ሰው ግጥም ብሏል፣ ሰላም የሚለኝ ግን የለም። አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆኑ እናት በር ላይ አገኙኝና "እሁድ አስር ሰዓት ቡና አለ። ኦሪትም እናነባለን። ና ልጄ" አሉኝ። ዛሬ እዚህ ከተማ ዘመዴ የምላቸው ሰዎች ሁሉ የተገኙት ከእሳቸው ግቢ ነው።

እንዲህ ያለ ስብስብ መጀመር አይከብድም። የሚከብደው ማቆየቱ ነው። እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

1. ሰው ሰብስቡ

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ካነሰ፣ ሁለቱ የቀሩ ቀን ቤቱ ጭር ይላል። ከበዛ ደግሞ ዝምተኛው ሰው ሳይናገር ወደ ቤቱ ይመለሳል። የተማረ ብቻ አትፈልጉ። እኛ ጋ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ነርስና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለን። ኦሪትን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ከሁሉ በፊት ግን የአይሁድ መጽሐፍ ነው። በየሳምንቱ ከፍሎ ማንበብንም የተማርነው ከእነሱ ነው።

2. ቀንና ሰዓት ቁረጡ

"ሲመቸን እንገናኝ" የሚል ስብስብ አይገናኝም። ዝናብም ይሁን፣ መብራትም ይጥፋ፣ ሰዓቱ አይነካ። ጉዱማሌ መናፈሻ ሞክረን ነበር። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ጫጫታው ግን አያስነብብም። ቤት ይሻላል።

3. ንባቡን ከፋፍሉ

አይሁድ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍል ከፍለው በዓመት ይጨርሷቸዋል። አንዱ ክፍል ፓራሻ ይባላል። የዘዳግምን መጨረሻ አንብበው ሳይዘጉት፣ ያኔውኑ ወደ ዘፍጥረት አንድ ይመለሳሉ። በዓሉ ስምሐት ቶራ ነው፣ "የኦሪት ደስታ" ማለት። መስከረም መገባደጃ ወይም ጥቅምት ላይ ስለሚውል እኛም ከመስቀል በኋላ መጀመሩ ተመችቶናል።

ለጀማሪ ግን ፓራሻ ይረዝማል። የመጀመሪያው ብቻ ከዘፍጥረት 1 ተነስቶ እስከ 6፥8 ይሄዳል። ጥንት በእስራኤል ምድር የነበሩት አይሁድ በሦስት ዓመት ገደማ ነበር የሚጨርሱት። እኛም ይህን መረጥን። አምስቱ መጻሕፍት በድምሩ 187 ምዕራፍ ናቸው። በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ምዕራፍ ካነበባችሁ በሦስት ዓመት ትጨርሳላችሁ።

አንዱ የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም፣ ሌላው የ1980ውን ይዞ ቢመጣ ደግሞ እሰየው። ቃላቸው የተለያየበት ቦታ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

4. ጮክ ብላችሁ አንብቡ

በየተራ፣ ቀስ ብላችሁ፣ በድምፅ። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ጠብቀው ያቆዩ ናቸው። በስግድ በዓል ቄሶቹ በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። ኦሪት ጥንትም በጆሮ የሚሰማ መጽሐፍ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌ ካሉም እኩል ይሳተፋሉ።

5. ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጠያየቁ

የነገሩ ልብ ይህ ነው። አይሁድ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያጠናሉ፤ ሐቭሩታ ይሉታል። የቃሉ ሥር ከእኛ "ኅብረት" እና "ማኅበር" ጋር አንድ ነው። ይህን ሳውቅ የራሴን ዘመድ ሩቅ አገር ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምዕራፉ ከተነበበ በኋላ ጥንዶቹ ለሃያ ደቂቃ ለብቻቸው ያወራሉ። መልስ አይጠበቅባቸውም። አንድ ጥያቄ ይዘው ይመለሱ፣ ያ ይበቃል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ዘፍጥረት 18 ላይ አብርሃም በቀትር ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። ሦስት እንግዶች ሲያይ ይሮጣል። የባጃጅ ሹፌራችን "ለምንድን ነው የሮጠው?" አለ። የሐዋሳን የስምንት ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው! ወደ ኋላ ገለጥን። ምዕራፍ 17 ላይ አብርሃም 99 ዓመቱ ነው፣ ገና መገረዙ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት፣ በተለይ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የኖረው ራሺ፣ ሁለቱን ምዕራፎች አገናኝተው ያነባሉ፦ ቀኑ ከተገረዘ ሦስተኛው ነው፣ እግዚአብሔር የተገለጠለትም በሽተኛ ሊጠይቅ መጥቶ ነው። እንግዲህ ያ ሽማግሌ ቁስሉን ይዞ ነው የሮጠው። "ቁራሽ እንጀራ ላምጣላችሁ" ብሎ ያቀረበው ደግሞ ጥጃ፣ ቅቤና ወተት ነው። መምህርቷ "እናቴ እንዲህ ነበረች" ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ያን ቀን ማንም ወደ ሌላ ጥያቄ ለመሄድ አልቸኮለም።

6. ስብከት እንዳይሆን ጠብቁ

ከዚህ በፊት የነበርኩበት ሌላ ስብስብ በሁለት ወር ፈርሷል። አንድ ሰው ብቻውን አንድ ሰዓት ያወራ ነበር፣ ሌላው ደግሞ እያዳመጠ ቀስ በቀስ ቀረ። አሁን ሕጋችን አጭር ነው። ማንም ከሦስት ደቂቃ በላይ አይናገርም፣ መሪውም በየሳምንቱ ይለዋወጣል። የሃይማኖት ክርክር ሲነሳ መሪው "ጥቅሱ የቱ ጋ ነው?" ብሎ ሁሉንም ወደ ገጹ ይመልሳል። ይሠራል።

7. ዘሌዋውያን ላይ አትቁሙ

ብዙ ሰው እዚያ ይደክመዋል። ምዕራፍ 13 ስለ ቆዳ ደዌ ነው፣ ይረዝማል። ግን ነርሷ ያን ቀን ከሁላችንም በላይ የምትለው ነበራት። ምዕራፍ 19 ላይ ስትደርሱ ደግሞ የእርሻህን ዳር ለድሃ ተው የሚለው ሕግ ይጠብቃችኋል። ዘኍልቍ 27ን እንዳትዘሉ። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴት ልጆች ሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ይጠይቃሉ፣ ይፈረድላቸዋልም። በርስት ክፍፍል የተበደለች እህት ያለው ሰው ሁሉ የሚለው አያጣም።

8. የቀረውን ፈልጉ

እግዚአብሔር ሰውን የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ወዴት ነህ?" የሚል ነው። ዘፍጥረት 3 ላይ አለ። እኛም ይህን ጥያቄ ሥራ አደረግነው። በየሳምንቱ አንድ ተረኛ አለ፤ እሁድ ለቀረ ሰው ሰኞ ይደውላል። ለወቀሳ አይደለም። ደህና መሆኑን ይጠይቃል፣ የተነበበውን ይነግረዋል፣ የወጣውን ጥያቄ ያካፍለዋል። ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት እሁድ በቀረሁ ጊዜ የደወለልኝ ተማሪው ነበር። ማታውን መምህርቷ አጥሚት ይዘው በሬን አንኳኩ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው አምጥተውት ነበር። ያመለጠኝን ምዕራፍ አልጋዬ ዳር ተቀምጠው አነበቡልኝ።