ኤር ሲሊንደር ሲዘገይ፣ ሲንገጫገጭ ወይም አልንቀሳቀስ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ካርቶን የሚገፋው፣ ጠርሙስ የሚያቆመው፣ ጨርቅ የሚጨብጠው ክፍል ብዙ ጊዜ በአየር የሚሠራ ሲሊንደር ነው። ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የሚፈታውም እሱ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ጋ ሳይሆን ከበስተኋላው ባለው አየር ወይም ቫልቭ ላይ ነው። ፍተሻውን ከዚያ ጀምሩ።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ዋናውን አየር ዝጉ፣ የታመቀውን አስወጡ፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ መድረሱን እዩ። ሸክም ያንጠለጠለ ሲሊንደር አየሩ ሲለቀቅ ስለሚወድቅ አስቀድማችሁ ደግፉት። መሃሉ ዝግ የሆነ ባለ ሦስት ቦታ ቫልቭ (መሃል ላይ ሲቆም የአየሩን መንገድ ሁሉ የሚዘጋ) ካለ ዋናው ቢዘጋም ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ታምቆ ይቀራል፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ይዘገያል ወይም መሃል ላይ ይቆማል

የሬጉሌተሩን (የአየር ግፊት ማስተካከያውን) ጌጅ ሲሊንደሩ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ተመልከቱ፤ ቆሞ ሳለ ማየት አይጠቅምም። ከ6 ባር ወደ 4 ከወረደ አየሩ በበቂ አልደረሰም ማለት ነው። ባለ 63 ሚሊሜትር ሲሊንደር በ6 ባር 1,870 ኒውተን ያህል ይገፋል፣ በ4 ባር 1,250 ብቻ። ፊልተሩን ቀይሩ፣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ፈትሹ፣ የቀጠነ ወይም የታጠፈ ሆዝ ካለ አስተካክሉ። የኮምፕሬሰሩንም አቅም አስቡ፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ወደ 25 በመቶ። ለባሕር ጠለል ተሰልቶ የተገዛ ኮምፕሬሰር እዚህ ታንኩን የሚሞላው ዘግይቶ ነው።

ጌጁ ካልወረደ መውጫውን ጠርጥሩ። ክርና ጨርቅ በሚሠራበት ቦታ የጥጥ ብናኝ የቫልቩን ሳይሌንሰር (የሚወጣውን አየር ድምፅ የሚቀንሰውን ክፍል) ይደፍነዋል፤ የወዲያኛው ወገን አየር መውጫ ሲያጣ ፒስተኑ ይታገታል። አየሩን ዘግታችሁ ሳይሌንሰሩን ንቀሉ፣ መነጽር አድርጋችሁ አንድ ዙር አሠሩት። ከተስተካከለ አዲስ ግጠሙ፤ የነሐሱ ከሆነ በነጭ ጋዝ ታጥቦና ደርቆ ይመለሳል።

ይንገጫገጫል

የፍጥነት መቆጣጠሪያው ተገልብጦ ተገጥሞ ይሆናል። ማነቅ ያለበት የሚወጣውን አየር ነው፤ የሚገባውን ካነቀ ፒስተኑ እየቆመ እየዘለለ ይሄዳል። አገጣጠሙ ልክ ከሆነ፣ አየሩ ተዘግቶና ተለቆ ዘንጉን ከሸክሙ ለዩና በእጅ ግፉት። ብቻውን ለስላሳ ከሆነ የተጣመመው አገጣጠሙ ነው፤ የመያዣውን ቡሎኖች አላልታችሁ አስተካክሉት። ጎሚኒውን (አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋውን ጎማ) ብትቀይሩ ያው ጥመት መልሶ ይበላዋል።

ሸክም አይዝም፣ ቫልቩ ያለማቋረጥ ያፏጫል

ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አስወጡት። አየሩን ዝጉ፣ በዘንጉ በኩል ያለውን ሆዝ ከሲሊንደሩ ንቀሉ፣ የማስወጫው ትእዛዝ እንዳለ አየሩን መልሱ። ከሲሊንደሩ ቀዳዳ አየር ከወጣ የፒስተኑ ጎሚኒ አልቋል፤ ከሆዙ ከወጣ ቫልቩ ነው። ጎሚኒ ስታዝዙ የሲሊንደሩንም የዘንጉንም ዲያሜትር ስጡ። በቤንዚን አትጠቡት፣ ያብጣል። ምክንያቱንም ፈልጉ፦ በክረምት ታንኩ በየቀኑ ካልተንጠፈጠፈ ውሃው ግራሶውን አጥቦ ይወስዳል። ከአየሩ ጋር ዘይት እየተንጠባጠበ እንዲገባ የተደረገበት መስመር ደግሞ ዘይቱ መቋረጥ የለበትም፤ የመጀመሪያው ግራሶ ታጥቦ ሄዷልና።

ምንም አይንቀሳቀስም

የቫልቩን የእጅ መግፊያ በትንሽ ካቻቢቴ ተጫኑ። ሲሊንደሩ ከሄደ አየሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ኤሌክትሪኩ ጋ ነው። ቫልቩን በኤሌክትሪክ በሚስበው ኮይል ጫፍ ላይ ትእዛዙ ሲመጣ 24 ቮልት መኖሩን በመልቲሜትር ለኩ። ቮልቱ ካለና ኮይሉ ካልሳበ ኃይሉን አጥፍታችሁ ኦሙን ለኩ፤ 4.8 ዋት የተጻፈበት ኮይል 120 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። በ220 ቮልት ኤሲ የሚሠራ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ብረት በቆሻሻ ሲጣበቅ ኮይሉ ብዙ ጅረት ስቦ ይቃጠላል። ብረቱን ሳታጸዱ አዲስ ኮይል አትግጠሙ፣ እሱም ይቃጠላል።

ሲሊንደሩ ይሠራል፣ ማሽኑ ግን አይቀጥልም

ሲሊንደሩ ላይ የታሰረው ማግኔታዊ ስዊች ተንሸራቷል። ዘንጉን መጨረሻው ላይ አቁሙት፣ መብራቱ እስኪበራ ስዊቹን አንሸራትቱ፣ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ጫፍ ምልክት አድርጋችሁ መሃሉ ላይ እሰሩት።