አንድን የቴሌቪዥን ድራማ በየመድረኩ ተከትሎ ማጥናት፦ የኖርዌዩ «ስካም» እንደ ማሳያ

«ስካም» የተባለው የኖርዌይ የወጣቶች ድራማ ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ጁን 2017 በአራት ምዕራፎች ሲቀርብ፣ አንድ ሰው «አይቼዋለሁ» ቢል ምኑን እንዳየ መልሶ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ቅንጭቦቹ፣ ማለትም አጫጭር ቪዲዮዎቹ፣ አርብ አርብ ተገጣጥመው አንድ ክፍል ሲሆኑ ብቻ የሚመለከት ነበር። በሌላ በኩል፣ ታሪኩ ይፈጸማል በተባለበት ቀንና ሰዓት በድረ ገጹ ላይ ድንገት የሚለቀቁትን አጫጭር ቪዲዮዎች ሳምንቱን ሙሉ የሚጠባበቅ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ የሚጻጻፏቸውን የስልክ መልእክቶችና በኢንስታግራም ገጾቻቸው የሚለጥፏቸውን ፎቶዎች ጨምሮ የሚከታተልም አልጠፋም። ሦስቱም ያዩት ድራማ ስሙ አንድ ነው፤ የቆዩበት ስሜት ግን የተለያየ ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ዝግጅት ሊያጠና ለተነሣ የጋዜጠኝነት ወይም የቲያትር ጥበባት ተማሪ፣ እንዲሁም ዝግጅቱን ከቴሌቪዥን አልፎ ለማዳረስ ለሚያስብ አዘጋጅ የአሠራር መንገድ ለማሳየት የታሰበ ነው። ያጋጠሙኝ የዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚነሡት መድረኮችን በመዘርዘር ነው፤ ዝግጅቱ በዩቲዩብ ይህን ያህል፣ በቴሌግራም ይህን ያህል ተከታይ እንዳለው ይገለጽና ሥራው የተገባደደ ይመስላል። ዝርዝሩ ዝግጅቱ የት የት እንደሚገኝ ይነግረን እንደሆነ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አይነግረንም። አሠራሩን የሚገልጠው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ምን፣ መቼ፣ ከምን ቀጥሎ፣ ለማን ደረሰ የሚለው ጥያቄ የጥናቱ አከርካሪ መሆን አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የዝግጅቱን ዓይነት መለየት

ከአንድ በላይ በሆነ መድረክ የሚቀርብ ዝግጅት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በቴሌቪዥን የተላለፈውን እንዳለ በሌላ ቦታ ይደግመዋል። አንዳንዱ ያንኑ ይዘት ለሌላው መድረክ እንዲስማማ አድርጎ እንደገና ይሠራዋል። ሌላው ደግሞ ታሪኩን ራሱን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ቁራጭ በየቦታው ያስቀምጠዋል፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሄንሪ ጄንኪንስ ለይቶ የጻፈበትም ይህ የመጨረሻው ነው፤ በእርሱ አገላለጽ እያንዳንዱ መድረክ ለታሪኩ የየራሱን አዲስ ነገር ማዋጣት አለበት።

ልዩነቱን ለመረዳት ከቤታችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የሚያዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ በኋላ በመጽሐፍም በሬዲዮም ቀርቧል። እዚህ ላይ አጥኚው የሚጠይቀው፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ በማትታይበት በሬዲዮ ያው ትምህርት እንዴት ሊቆም እንደቻለ ነው፤ በቴሌቪዥን በአንገቷና በዓይኗ የምትናገረውን በድምፅ ማን ተካው? ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ሬዲዮውን ብቻ ሰምቶ ትምህርቱን ማግኘት ስላለበት፣ እያንዳንዱ ቅጂ ራሱን የቻለ መሆን ይገባዋል። በ«ስካም» ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁራጮቹ እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ናቸው፣ ጥያቄውም አንዱን ያላየ ሰው ምን ይቀርበታል የሚል ይሆናል። ይህን ሳይለይ መረጃ መሰብሰብ የጀመረ አጥኚ ለአንዱ ዓይነት የተዘጋጀ ጥያቄ ይዞ ሌላውን ሲጠይቅ ይከርማል።

ሳይጠፋ መሰብሰብ

ዓይነቱ ከተለየ በኋላ የጥናቱን ወሰን ማጥበብ ያስፈልጋል። የ«ስካም» አራቱ ምዕራፎች በድምሩ 43 ክፍሎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ሥር ያሉት ቅንጭቦች፣ መልእክቶችና ፎቶዎች ሲደመሩ ለአንድ ሰው የሚቻሉ አይደሉም። አንድ ምዕራፍ በቂ ነው፤ ለአጭር ጽሑፍ ደግሞ አንዲት ሳምንት በወጉ ብትጠና ከአራቱም ምዕራፎች ጥድፊያ ትሻላለች።

አሁንም በመተላለፍ ላይ ያለ ዝግጅት የሚያጠና ሰው መሰብሰቡን ለነገ ማለት የለበትም። የኢንስታግራም ስቶሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። በዩቲዩብ የቪዲዮው ርዕስና የሽፋን ምስሉ ከተለቀቀ በኋላ ሊለወጥ ይችላል፤ ዛሬ የምናነበው ርዕስ ተመልካቹ በመጀመሪያው ቀን ያነበበው ላይሆን ይችላል። በቴሌግራም ቻናል እያንዳንዱ መልእክት የተለጠፈበት ሰዓት የሚታይ ሲሆን፣ ከተስተካከለም ምልክት ይደረግበታል፤ የኮምፒውተሩን ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው የቻናሉን ታሪክ በሙሉ ማውረድም ይችላል። ድረ ገጾችን በተመለከተ የኢንተርኔት አርካይቭ ማኅደር የቀድሞ ገጽታቸውን ያቆያል፤ ቪዲዮ ግን ብዙ ጊዜ አይዝም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ነገር ስክሪንሹት ወስዶ በፋይሉ ስም ላይ ቀንና ሰዓት መጻፍ ከሁሉም የሚቀድም ልማድ ነው።

ሰዓት ካነሣን፣ ለእኛ ብቻ የተመደበች የምትመስል አንዲት ወጥመድ አለች። በ«ስካም» ቅንጭብ መግቢያ ላይ ቀኑና ሰዓቱ በጉልህ ይጻፋል፤ አርብ 20፡00 ቢል ይህ የኦስሎ ሰዓት ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ አዲስ አበባ ከኦስሎ በሁለት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ያ ቅንጭብ እዚህ የሚደርሰው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ በቀሩት ወራት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሚሆን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። አጥኚው በአንዱ ገጽ የኦስሎን፣ በሌላው የስልኩን፣ በሦስተኛው የልቡን ሰዓት ከጻፈ መዝገቡ ከወር በኋላ ለራሱም አይገባውም። ታሪኩ የሚፈጸምበትን ከተማ ሰዓት ዋና አድርጎ፣ የሌላውን በጎን ማስፈር ይሻላል።

መዝገቡን ማዘጋጀት

መዝገቡ ሠንጠረዥ ነው፤ ዓምዶቹም ብዙ መሆን አይኖርባቸውም። የወጣበት ሰዓት፣ መድረኩ፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ አዲስ የተገለጠው ነገር፣ ከዚያ በፊት ከወጣው ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ይመዘገባል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚታለፈው «የሚናገረው ማን ነው» የሚለው ነው። በአንድ የኢንስታግራም ገጽ ላይ የሚናገረው ገጸ ባሕርይዋ ልትሆን ትችላለች፤ ተዋናይቷ ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ የጣቢያው የማስታወቂያ ክፍልም ሊሆን ይችላል። ሦስቱን አንድ ላይ የደባለቀ ጥናት ልብ ወለዱ የት እንዳበቃ ማሳየት አይችልም።

በ«ስካም» ይህ ዓምድ ብዙ ያስተምራል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ታሪኩን የሚያሳየን በአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው በኤቫ፣ በሁለተኛው በኑራ፣ በሦስተኛው በኢሳክ፣ በአራተኛው በሳና። ድራማው ከተዘጋበት የመጨረሻ ክፍል በቀር ካሜራው ከዚያ ሰው አይለይም። የኢንስታግራም ገጾቹ ግን የሌሎቹም ስለሆኑ፣ ተመልካቹ ዋናው ገጸ ባሕርይ በሌለበት ቦታ ምን እየተደረገ እንደሆነ በፎቶ ጭላንጭል ያያል። የእይታው አንጻር በቪዲዮው ጥብቅ ሆኖ በጎን በኩል መስኮት ተከፍቶለታል ማለት ነው። ይህን አሠራር ክፍሉን ብቻ በማየት ማንም ሊደርስበት አይችልም።

ከሁሉ በላይ ግን መመዝገብ ያለበት የዝምታ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በ2016፣ ኑራ ለወደደችው ልጅ ለዊልያም መልእክት ትልክለታለች፤ እርሱም አይመልስም። ተመልካቾቹም ከእርሷ ጋር ቀናትን ጠበቁ፤ «ዊልያም ይመልስ እንጂ» የሚለው ልመና በኖርዌይ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዛመተ። ድርሰት የሚያጠና ሰው ይህን ልብ ሰቀላ ይለዋል፤ ነገር ግን በተለመደው ድራማ ልብ ሰቀላው በክፍሉ ማብቂያ ላይ ሲንጠለጠል፣ እዚህ ግን የተሰቀለው በተመልካቹ ማክሰኞና ረቡዕ ላይ ነው። በተገጣጠመው ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ጥበቃ በአንድ የትዕይንት ሽግግር ያልፋል። እኔ ይህን ድራማ ያወቅሁት ካለቀ በኋላ በተገጣጠሙት ክፍሎች በኩል ስለነበር፣ የሰዉ ጩኸት ለረጅም ጊዜ ማጋነን ይመስለኝ ነበር፤ ቀኖቹን በወረቀት ላይ ስደረድር ነው የገባኝ።

አንዱን አንሥቶ ማየት

መዝገቡ ሲሞላ ትንተናው የሚጀምረው አንዱን መድረክ በሐሳብ በማንሣት ነው። መልእክቶቹ ባይኖሩ ታሪኩ ይገባል ወይ? ፎቶዎቹ ባይኖሩስ? ቢገባ፣ ምን ይጎድለዋል፤ መረጃ ነው፣ ቅርበት ነው፣ ወይስ የጊዜ ስሜት? ይህን ከራስ ግምት ብቻ መመለስ ስለማይገባ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ፈልጎ አንዱን ክፍሉን ብቻ፣ ሌላውን ሁሉንም በቅደም ተከተል እንዲያይ አድርጎ ታሪኩን ለየብቻ ማስተረክ ጥሩ መንገድ ነው። የሁለቱ ትረካ የሚለያይበት ነጥብ ያ መድረክ ሥራ የሠራበት ነጥብ ነው። የሚነሣው ነገር ምንም ካላጎደለ ደግሞ፣ መድረኩ የሚያገለግለው ለማስታወቂያ ነው ብሎ በግልጽ መጻፍ ይገባል፤ ይህም ራሱን የቻለ ግኝት ነው።

በመቀጠል ከሥራው ጀርባ ያሉትን ሰዎች መመርመር ያስፈልጋል። የ«ስካም» ደራሲና ዳይሬክተር ዩሊ አንደም፣ ድራማውን ለ16 ዓመት ልጃገረዶች አስባ፣ ወጣቶችን አነጋግራ ነው የጻፈችው። የድረ ገጹን፣ የመልእክቶቹንና የኢንስታግራም ገጾቹን ሥራ የመራችው ማሪ ማግኑስ ነበረች። የድር ሥራው እንዲህ ስም ያለው ባለቤት ያለው መሆኑ፣ ከቴሌቪዥኑ በኋላ የተለጠፈ ጭማሪ ሳይሆን ከድርሰቱ ጋር አብሮ የተሸመነ መሆኑን ያመለክታል። አንድን የአገራችን ዝግጅት የሚያጠና ሰው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ቢሄድ መልካም ነው፤ የቴሌግራም ቻናሉን የሚይዘው ማን ነው፣ የሚለጠፈውን የሚወስነው ደራሲው ነው ወይስ የገበያ ክፍሉ?

የመብት ጉዳይም ሊዘለል አይገባም። በጃንዋሪ 2017 ድራማውን የሚያቀርበው የኖርዌይ የሕዝብ ማሰራጫ ኤንአርኬ በሙዚቃ ፈቃድ ምክንያት ድራማውን ከኖርዲክ አገሮች ውጭ እንዳይታይ ሲዘጋው፣ የውጭ ተመልካቾች በድራማው አፍቃሪዎች በተተረጎሙና በጉግል ድራይቭ በሚዘዋወሩ ቅጂዎች መከታተላቸውን ቀጠሉ። ለእነርሱ ድራማው የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ በሌላ ሰው ትርጉም ነበር፤ መዝገቡ ውስጥም የራሳቸው ረድፍ ይገባቸዋል። በኋላ በየአገሩ የተሠሩት ቅጂዎችም ከመድረካቸው ጋር ይጠናሉ፤ የአሜሪካው በፌስቡክ ዋች፣ የጀርመኑ «ድሩክ» በዩቲዩብ ነው የቀረቡት።

የተመልካቾችን አስተያየት ሲጠቀሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወጣቶች ድራማ ሥር የሚጽፉት በብዛት ልጆች ናቸው፤ ስማቸውን መሰወር ብቻውን አይበቃም፣ ቃል በቃል የተጠቀሰ አስተያየት በፍለጋ ወደ ባለቤቱ ይመራልና። ፍሬ ነገሩን በራስ ቃል ማስፈር ይሻላል።

በአማርኛ ዝግጅት ላይ ለመለማመድ

ወደ ትልቅ ጥናት ከመግባት በፊት በአንድ እሑድ መለማመድ ይቻላል። «ሰይፉ በኢቢኤስ» ለዚህ ምቹ ነው፤ በቴሌቪዥን አንድ ሆኖ የሚተላለፈው ዝግጅት በዩቲዩብ ላይ ተቆራርጦ፣ የእንግዳው ቃለ ምልልስ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ሆኖ ይወጣል። አጥኚው በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ቅደም ተከተል ከነማስታወቂያው ይመዝግብ፤ ከዚያ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደተለቀቀ፣ በምን ርዕስ እንደተለቀቀ፣ የትኛውም ጨርሶ እንዳልተለቀቀ ያስተያይ። በቴሌቪዥን ከመዝናኛ ጨዋታ በኋላ የመጣ የሐዘን ታሪክ፣ በዩቲዩብ ብቻውን ሲቆም ክብደቱ ይለወጣል። ሰዓቱም አይዘንጋ፤ በአዲስ አበባ እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ የጣቢያው ዋና መቀመጫ በሚገኝበት በሜሪላንድ ከማርች እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው ከምሳ መነሣቱ ነው፤ የአስተያየቶቹ ማዕበልም በሁለቱ ሰዓቶች ተከፍሎ እንደሚመጣና እንደማይመጣ መዝገቡ ያሳያል።

ጽሑፉን ሲያዘጋጁ ሠንጠረዡን በአባሪነት ማያያዝና ትረካውን ከአንዲት በደንብ ከታወቀች ሳምንት መጀመር ይመከራል። ሠንጠረዡ ለኅትመት ሲስተካከል ምንም ያልተለቀቀባቸው ቀኖች ባዶ ረድፍ ስለሚሆኑ፣ ኮምፒውተሩም አራሚውም ሊሰርዟቸው ይፈልጋሉ። ባዶዎቹ ረድፎች ከነቀናቸው ይቀመጡ፤ ኑራ መልስ ስትጠብቅ የቆየችው በእነርሱ ውስጥ ነው።