ግቢው ሲሚንቶ ለሆነባችሁ፦ ሽንኩርት ያለ አፈር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተከራይታችሁ አንድ እፍኝ አፈር የሌለው ግቢ ከደረሳችሁ፣ ሽንኩርት መትከል አያቅታችሁም። ሥሩ አጭር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ አስተኝታችሁ ላዩን ቁረጡት፣ ታቹን በምስማር ብሱት።

ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ ለምኑ፤ የባህር ዛፍና የጥድ ከሆነ ይቅርባችሁ። ዘፍዝፋችሁ ቡናማው ውሃ እስኪጠራ ድረስ እየደፋችሁ እጠቡት፣ ከዚያ ከታጠበ የወንዝ አሸዋ ጋር እኩል ቀላቅሉ። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ አሸዋ ጨምሩ።

ዋናው ጣጣ ምግቡ ነው። ሰጋቱራ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉና ፈሳሹን ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል አቅጥናችሁ በሳምንት ሁለቴ ከሥሩ አጠጡ። ቅጠሉን አታስነኩ፣ በተለይ ቃርያ ላይ ከትፋችሁ የምትበሉት ከሆነ።

ችግኙን በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ፣ ግን አትቅበሩት፤ ኮረቱ (የሚያብጠው ራሱ) ከላይ ይታይ። ፀሐይ የማይደርስበት በረንዳ ላይ አትድከሙ። ቅጠሉ ከአንገቱ መተኛት ሲጀምር ውሃ አቁሙ። በደሴ ብርድ ትንሽ ይዘገያል፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ቀድማችሁ ትነቅላላችሁ።