ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋ ዲሽ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጎንደር ላይ ክረምት ከገባ ስልኬ አያርፍም። «ሳተላይቱ ተበላሸ» ይሉኛል። አልተበላሸም። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ቻናሎች የሚመጡበት ኤን ኤስ ኤስ 12፣ በ57 ዲግሪ ምስራቅ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሥራውን እየሠራ ነው። ሲግናሉ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ጣት በማታክል ኮኔክተር፣ በኬብሉ ጫፍ ባለችው የብረት መግጠሚያ፣ ውስጥ ነው።

ምልክት፦ ሲዘንብ ይጠፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይመለሳል። ወይም ግማሹ ቻናል ይሠራል፣ ግማሹ የለም።
ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል።

ግማሹ ለምን ይጠፋል? ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል ለኤል ኤን ቢው፣ ዲሹ ፊት ለፊት ለተሰቀለው ሲግናል ተቀባይ፣ መብራት ይልካል። ቻናሎቹ ሞገዳቸው ቆሞ (ቨርቲካል) ወይም ተኝቶ (ሆሪዞንታል) በሁለት ዓይነት ይመጣሉ፤ ለቨርቲካል ቻናሎች 13 ቮልት፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት። ጫፉ ከዛገ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርዳል። 18 ሆኖ የወጣው ተዳክሞ ሲደርስ ኤል ኤን ቢው 13 ነው ብሎ ያስባል። ሆሪዞንታሉ በሙሉ ይጠፋል። ሰው ግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያዞራል። እባካችሁ ዲሹን አትንኩ!

አዘዞ አንዲት እማማ ቤት የሄድኩት በቡሄ ማግስት ነበር። ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ዲሹን አዙሮታል። «ልጄ፣ ቅዳሴዬን መልስልኝ» አሉኝ። ኮኔክተሩ በጥቁር ናስትሮ ኳስ እስኪመስል ተጠምጥሟል። ስፈታው ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ። የመሃሉ ሽቦ አረንጓዴ ሆኗል፤ በጥፍሬ ስነካው ተሰበረ። ናስትሮ የጎንደርን ፀሐይ አይችልም። ሙጫው ይቀልጥና አፉን ይከፍታል፣ የገባውን ውሃ ደግሞ አያስወጣም።

ቴፕና ኮኔክተር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ዲኤስፒ 19 የተባለ ወታደራዊ ሳተላይት አመጠቀች። ሥራው ሚሳይል ሲተኮስ የእሳቱን ሙቀት ከላይ አይቶ ማስጠንቀቅ ነው። የእኛ ዲሽ ወደሚያይበት ከፍታ ነበር የሚሄደው። ታይታን 4 ሮኬት የድርሻውን ተወጣ። ከዚያ በላይ የሚገፋው ባለሁለት ክፍል ሞተር ግን እንደሚገባው አልተለያየም። ሲመረመር፣ በሁለቱ ክፍሎች መሃል ባለው የሽቦ መሰኪያ ላይ የሙቀት መከላከያ ቴፕ ከልክ በላይ ጠብቆ ተጠምጥሞ ነበር። መሰኪያው መነቀል አቃተው። ሳተላይቱ የማይረባ ምህዋር ላይ ቀረ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቴፕ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ጫፉ ከተነካካ ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል። ኬብሉን መዳቡ ንጹህ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ቁረጡ፤ አንዳንዴ አንድ ክንድ ይሄዳል፣ አትሰስቱ። በመሃሉ ሽቦ ዙሪያ ያለውን የቀጫጭን ሽቦ መረብ ወደ ኋላ እጠፉ። አንዲት ክር መሃሉን ከነካች ሾርት ነው። የመሃሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ። አዲስ ኮኔክተር ግጠሙ፤ አሮጌውን አጥባችሁ መመለስ የለም። ራሱ ላይ የሚጣበቀውን የላስቲክ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠምጥሙ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው የታችኛውን ይደርብ። ከኤል ኤን ቢው በታች ኬብሉን አንድ ዙር ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ኬብል ስትገዙ ማግኔት ያዙ። የመሃሉን ሽቦ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፤ መዳቡ ላዩን የተቀባ ነው። ለረጅም መስመር እንዲህ ያለውን የሚሸጥ ነጋዴ ያናድደኛል። ጫፉ በአንድ ክረምት ይዝጋል።

ሌላው ጥቂት ነው። ከመብረቅ በኋላ ጭራሽ ከጠፋ ኤል ኤን ቢውን ቀይሩ። በመስከረም አጋማሽና በመጋቢት መጀመሪያ ረፋድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ፀሐይ ከሳተላይቱ ኋላ እያለፈች ነው። ጠብቁ።

ስትጨርሱ ከቨርቲካልም ከሆሪዞንታልም አንድ አንድ ቻናል ክፈቱና የሲግናሉን ቁጥር ያዙ። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ ኮኔክተሩ ላይ አፍስሱ። ቁጥሩ ከወረደ ፈታችሁ እንደገና ሥሩት።