ጥገኛ ተሕዋስን ከአስተናጋጁ እንስሳ ጋር አያይዞ የማጥናት መንገድ

በእንስሳ አካል ላይ ወይም ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ ሲገኝ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስሙንና መድኃኒቱን ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ተሕዋሱ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ የተሰጠ መድኃኒት እንስሳውን ለጥቂት ሳምንታት ያሳርፈው ይሆናል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ስለዚህ ማንኛውንም ጥገኛ ለማጥናት የተነሣ ሰው የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ቢያነሣ ይበጀዋል፦ ተሕዋሱ የት ይኖራል? በምን በኩል ይወጣል? ከወጣ በኋላ የት ይቆያል? ወደ ሌላው እንስሳስ እንዴት ይገባል?

ጥገኛ የሚባለው ምግቡንና መጠለያውን ከሌላ ሕያው ፍጡር የሚያገኝ፣ በዚህም ያንን ፍጡር የሚጎዳ ተሕዋስ ነው፤ የሚጎዳው እንስሳ ደግሞ አስተናጋጅ ይባላል። መለያው ጉዳቱ ነው። በላም ሆድ ውስጥ ሣር የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ከላሟ ምግብና መጠለያ ቢያገኙም፣ ላሟም ያለእነርሱ ሣሩን መፍጨት ስለማትችል ጥገኛ አይባሉም። አዳኝ አውሬ የያዘውን ገድሎ ሲበላ፣ ጥገኛ ግን በአብዛኛው አስተናጋጁ በሕይወት እንዲቆይለት ይፈልጋል። ከዚህ ተነሥቶ «ከአስተናጋጁ ጋር ለረጅም ዘመን የኖረ ጥገኛ አይጎዳም» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ቢደጋገምም ሁልጊዜ የሚሠራ አይደለም። አስተናጋጁ በሌላ እንስሳ ካልተበላ በስተቀር መሻገር ለማይችል ጥገኛ፣ የተዳከመና በቀላሉ የሚያዝ አስተናጋጅ ኪሳራ ሳይሆን ጥቅም ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጥገኞችን በውጭና በውስጥ ይከፍላቸዋል። መዥገር፣ ቅማል፣ ቁንጫና እከክ የሚያመጡት ጥቃቅን ተሕዋስያን የውጭ ሲሆኑ፣ ልዩ ልዩ ትላትሎችና ባለአንድ ሕዋስ ጥገኞች የውስጥ ናቸው። አከፋፈሉ ቀላል ቢመስልም በተግባር የሚጠቅመው ተሕዋሱ ከእንስሳው ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ሲታከልበት ነው። ቅማል ዕድሜዋን በሙሉ በእንስሳው ላይ ስለምታሳልፍ እንስሳውን ማከም በቂ ሊሆን ይችላል፤ የቁንጫ እንቁላል ግን ከፀጉሩ ላይ እየረገፈ በመኝታው ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ መኝታውን ሳያጸዱ እንስሳውን ብቻ ማከም ድካም ነው። መዥገሮችም እንዲሁ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ዝርያ ከእጭነት እስከ ጉልምስና በአንድ እንስሳ ላይ ይቆያል፣ ሌላው በየእድገት ደረጃው ወደ መሬት እየወረደ በጠቅላላ በሦስት አስተናጋጆች ላይ ይመገባል።

ቀጥሎ የአስተናጋጁን ዓይነት መለየት ይገባል። ጥገኛው ለአካለ መጠን ደርሶ በጾታ የሚራባበት እንስሳ ዋና አስተናጋጅ፣ በእጭነት የሚያድግበት ወይም ያለ ጾታ የሚባዛበት ደግሞ መካከለኛ አስተናጋጅ ይባላል። ዋናው ሁልጊዜ ትልቁ እንስሳ ነው ብሎ ማሰብ ያሳስታል፤ የወባ ተሕዋስ በጾታ የሚራባው በትንኟ ውስጥ ስለሆነ ዋና አስተናጋጇ እርሷ ናት። ደም እየመጠጠ ጥገኛውን ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚያሻግር ነፍሳት ወይም መዥገር አስተላላፊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1893 ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድሪክ ኪልቦርን የከብት ደም ውስጥ ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያፈርሰውን ጥገኛ የምታስተላልፈው መዥገር መሆኗን ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ጥገኛው ገብቶ ከዚያ ወዲያ መሻገሪያ የሚያጣበት አስተናጋጅም አለ። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም ጥብጣብ መሰል ትል አለ፤ እንቁላሉን የዋጠ በግ በጉበቱና በሳንባው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል፣ ውሻም ያንን ሥጋ ሲበላ ዑደቱ ይሟላል። ሰው እንቁላሉን ቢውጥ ከረጢቱ በእርሱም ያድጋል፤ ነገር ግን የሰውን ጉበት የሚበላ ውሻ ስለሌለ ጉዞው እዚያው ይቆማል። ሰንሰለቱን ለመበጠስ ርካሹ መንገድ የታረደ በግ የታመመ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አለመስጠት ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ማለትም ከአስተናጋጅ ውጭ የሚቆይበትን ስፍራ፣ ከጉበት ትል የተሻለ የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሩዶልፍ ሎይካርትና አልጀርነን ቶማስ ለየብቻ የደረሱበት ይህ ዑደት እንደሚከተለው ነው። በበግ ወይም በከብት የሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚኖረው ትል እንቁላሉ ከኩበት ጋር ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ከእንቁላሉ የወጣችው እጭ በሰዓታት ውስጥ ተስማሚ የውሃ ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን በቀንድ አውጣው ውስጥ ያለ ጾታ ተባዝታ ብዙ መቶ እጮች ታፈራለች፤ እነዚህም ወጥተው በውሃ ዳር ሣር ላይ ተጣብቀው ጠንካራ ሽፋን ያበጃሉ፣ ከሣሩ ጋር የሚበላቸውንም እንስሳ ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በግ ከበግ በቀጥታ ሊይዘው አለመቻሉ ነው። ረግረጉን ማጠር ወይም ማድረቅ ቀንድ አውጣውን ስለሚቀንስ የበጉን በሽታ ይቀንሳል።

በበግና በፍየል አራተኛው የሆድ ክፍል የሚኖረው ደም መጣጭ ትል ደግሞ መካከለኛ አስተናጋጅ አያስፈልገውም። ሴቷ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ስትረዝም፣ ደም የሞላ ቀይ አንጀቷ ላይ ነጭ የእንቁላል ቱቦዋ ስለሚጠመጠም ቀይና ነጭ ክር አብሮ የተገመደ ትመስላለች። በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች፤ ሙቀትና እርጥበት ከተመቻቸ እጮቹ በአንድ ሳምንት ገደማ ለመበላት ተዘጋጅተው ሣሩ ላይ ይወጣሉ። አብዛኞቹ ከመሬት ብዙ ስለማይርቁ፣ መንጋ ሣሩን እስከ ሥሩ እንዲግጥ መተው ትሉን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው። ምልክቱን ለማየት የታችኛውን የዐይን ሽፋን ገልጦ ውስጡን መመልከት ይቻላል፤ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደሙ አልጎደለም፣ ነጭ ከሆነ ግን ፈጥኖ ማከም ይገባል።

እንቁላል ለመቁጠር በእጅ ጓንት ከእንስሳው ፊንጢጣ ትኩስ በጠጥ ይወሰዳል፤ ከመሬት የተነሣ ናሙና በአፈር ውስጥ በነፃ የሚኖሩ ትሎች ስለሚገቡበት አያስተማምንም። ከዚያም 4 ግራም በጠጥ በጨው በጠገበ 56 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ይጠለላል፣ ማክማስተር በተባለው ባለሁለት ክፍል የመቁጠሪያ መስታወት ይሞላል፣ እንቁላሎቹ እስኪንሳፈፉም ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሁለቱም ክፍሎች መስመር ውስጥ የተቆጠረው ተደምሮ በ50 ሲባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን የእንቁላል ብዛት ይሰጣል። የጉበት ትል እንቁላል ግን ከባድ ስለሆነ በጨው ውሃ አይንሳፈፍም፤ ለእርሱ በጠጡን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ዝቃጩን መመርመር ያስፈልጋል። እንቁላል አለመታየቱም ጤንነትን አያረጋግጥም፤ ወጣት የጉበት ትሎች እንቁላል መጣል ከመጀመራቸው በፊት ለሁለት ወር ያህል ጉበቱን እየበሱ ሊቆዩ ይችላሉ።

ውጤቱን ሲያነቡ በመንጋው መካከል የሚታየው ልዩነት እንዳያስደነግጥ። ጥገኞች በአስተናጋጆች መካከል እኩል አይከፋፈሉም፤ አብዛኞቹ በጥቂት እንስሳት ላይ ይከማቻሉ። ስለዚህ ሆድ ውስጥ ለሚኖረው ደም መጣጭ ትል መንጋውን በሙሉ በአንድ ቀን ከማከም፣ የዐይን ሽፋናቸው ውስጡ የነጣውንና የእንቁላል ቁጥራቸው የበዛውን መርጦ ማከም ይሻላል፤ መድኃኒት ያልነካቸው ትሎች መኖራቸው መድኃኒቱን የለመዱት ብቻቸውን ተርፈው እንዳይባዙ ያደርጋል። ከሕክምናው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የእነዚያኑ እንስሳት በጠጥ እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል፤ መጠኑ በክብደታቸው ልክ ተሰጥቶ ሳለ የእንቁላሉ ብዛት ቢያንስ በ95 በመቶ ካልቀነሰ፣ ትሉ መድኃኒቱን መላመዱን መጠርጠርና የእንስሳት ሐኪም አማክሮ ወደ ሌላ የመድኃኒት ዓይነት መሸጋገር ይገባል።