ሮምን ብቻዎን በእግር ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሮም በእግር የምትታይ ከተማ ናት። ከኮሎሲየም እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ በየመታጠፊያው የሚታይ ነገር አለ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደስ ባለው ቦታ ይቆማል፣ ያልጣመውን ያልፋል። ታዲያ የአብዛኛውን ሰው ቀን የሚያበላሸው የእግር ድካም አይደለም። ሰዓት ነው።

ቀትርን ለቤተ ክርስቲያን ማስቀመጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። የሮም ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ቀትር ላይ ይዘጋሉ፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝና አስር ሰዓት ድረስ አይከፈቱም። ጠዋቱን ሱቅ ሲያዩ ያሳለፈ ሰው በስድስት ሰዓት ተኩል ደርሶ የተዘጋ በር ያገኛል።

ስለዚህ ጠዋቱን ለእነሱ ይስጡ። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚን ለምሳሌ። መግቢያው ነፃ ነው። በግራ በኩል፣ ከመሠዊያው አጠገብ ባለችው ጨለም ያለች ክፍል ውስጥ ሠዓሊው ካራቫጆ የሣላቸው ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ክርስቶስ እጁን ዘርግቶ ቀራጩን ሲጠራው የሚያሳየውን ረጋ ብለው ይዩት። ብርሃኑ የሚመጣው እጁ ከተዘረጋበት ከቀኝ በኩል ነው፤ ገንዘብ የሚቆጥሩት ሰዎች ፊት ላይ ያርፋል። አንገቱን ደፍቶ ሳንቲሙን የሚቆጥረው ወጣት ግን ቀና እንኳ አላለም። አብሮዎት የሚያጣድፍ ሰው ስለሌለ እዚህ ሩብ ሰዓት ቢቆሙም ማንም አይቆጣዎትም።

ቀትሩን ደግሞ ለፓንቴዎን ይተዉት። እሱም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀትር ላይ ግን አይዘጋም። ከሳን ሉዊጂ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በጣሪያው መሃል ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍት ቀዳዳ አለ። በቀትር ፀሐይ በዚያ በኩል ስትገባ ብርሃኗ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። ዝናብም ይገባል፤ ውሃው ወለሉ ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎብኚ በክፍያ ሆኗል።

ቫቲካንንና ኮሎሲየምን አንድ ቀን ላይ መጨናነቅ

አይሆንም። የቫቲካን ሙዚየም ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል። አንዱን ይምረጡ። ቫቲካንን ከመረጡ ሙዚየሙ እሑድ ዝግ መሆኑን ይወቁ፤ የወሩ መጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታል፣ ሰልፉ ግን አይጣል ነው። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚያገኙበት ስለሆነ ወደ ባሲሊካው መግባት ያስቸግራል። ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ልብስ ከለበሱ ደግሞ ከበር ይመለሳሉ። ነጠላ ወይም ሻርፕ ቦርሳ ውስጥ አይጥፋ።

ኮሎሲየምን «በር ላይ እገዛለሁ» ማለት

ትኬቱ ስምና ሰዓት የተጻፈበት ነው። ቀደም ብለው በኢንተርኔት፣ ከራሱ ከኮሎሲየሙ ድረ ገጽ ይግዙ፤ ፓስፖርትዎንም ይያዙ። መንገድ ላይ «ያለ ሰልፍ አስገባዎታለሁ» የሚሉትን አመስግነው ይለፉ። ትኬቱ ከጎኑ ያሉትን ፎረምን (የጥንቷን ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ኮሎሲየሙን ብቻ አይቶ ይሄዳል።

የእኛን ታሪክ ሳያዩ ማለፍ

ይህን የምጽፈው ከልቤ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ በባቡር የመጣ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ቴርሚኒ ጣቢያ ይወርዳል። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ («የአምስት መቶዎቹ አደባባይ») ስሙን ያገኘው በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ከደመሰሷቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች ነው። ከዚያው አጠገብ፣ በስንክሳር ሰማዕታትን ሲያሳድድ የምናውቀው የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ ጎን፣ ለሟቾቹ የቆመ መታሰቢያ አለ። ላዩ ላይ ያለው ከግብፅ የመጣ የራምሴስ ዘመን ሐውልት ነው። ሻንጣ እየጎተትን በአጠገቡ እናልፋለን፣ ቀና ብለን አናየውም።

ከኮሎሲየም ደግሞ የሩብ ሰዓት መንገድ ሄደው የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ይቁሙ። በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ተዘርፎ የመጣው ሐውልታችን የቆመው እዚያ ነበር። አገሩ የገባው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ቦታው ላይ የለም፤ ባለመኖሩ ነው ደስ የሚለው።

አዲስ ጫማ፣ የተገዛ ውሃ

የሮም መንገድ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ድንጋዩ ወጣ ገባ ይላል፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ሶሉ ወፈር ያለና እግርዎ የለመደው ጫማ ያድርጉ። ውሃ አይግዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣትዎ ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈልቃል፣ ብዙ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጣሉ።

ታዋቂ ቦታ ፊት ለፊት መመገብ

ፓንቴዎንን እያዩ ለመብላት የሚከፍሉት ለእይታው ነው። ሁለት መንገድ ገባ ይበሉ። ቡና ቆመው ባንኮኒው ላይ ይጠጡ፤ ከተቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ብቻዎን ሲሆኑ በጣም የሚመቸው በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጠው ፒዛ ነው፤ በጣትዎ ያሳያሉ፣ ይቆርጡልዎታል። ጾም ከሆነ «ማሪናራ» ይበሉ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም።

ስልክን ለማያውቁት ሰው መስጠት

ብቻዎን ሲሆኑ ፎቶ የሚያነሳዎት ሰው ይፈልጋሉ። ራሱ መጥቶ «ላንሳዎት» ለሚል ስልክዎን አይስጡ። ልጆች ይዞ የሚጎበኝ ቤተሰብ ፈልገው እርስዎ ይጠይቁ፤ መጀመሪያ የእነሱን አንሱላቸው። አበባ ወይም የእጅ ክር በነፃ የሚሰጡትንም አይቀበሉ፣ ወዲያው ገንዘብ ይጠየቃሉ። ሜትሮና የተጨናነቀ አውቶቡስ ላይ ቦርሳዎን ወደ ፊት ያዙሩ። ማታ ደክሞዎት በሜትሮ ሲመለሱ ትኬት ፍለጋ መሰለፍ አያስፈልግም፤ የባንክ ካርድዎን በሩ ላይ ነክተው ይገባሉ።